የሴት እጅ ያልነካው

«በእኛ ቤት ማንቆርቆሪያ ላይ የሴት እጅ አርፎ አያውቅም» አለ ሪሄይ፣ አፉን ሞልቶ። «ጭቃውን ከማቡካት እስከ መጨረሻው ቀለም ድረስ የወንድ እጅ ብቻ ነው። አባቴም እንዲህ ነበሩ፣ እኔም እንዲህ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ልጄ እንዲህ ይሆናል።» ጋዜጠኛዋ «ይገርማል! ይገርማል!» እያለች ትጽፋለች። ፉሳኤ ከማሳያ አዳራሹ መጋረጃ ጀርባ ተንበርክካ ነበር። ሁለት ሰው በቅጡ በማያስቆም ጥግ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ እየጨመቀች አንድ የእንጨት ሣጥን ታለብሳለች። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብረት የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነጥብ አንድ በአንድ የወጋችው እሷ ናት። የሴት እጅ አርፎ አያውቅም! ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቧል።

ባሏ ኮሳኩ አጠገቧ ነበር። የሪሄይ ታናሽ ወንድም ነው፤ በቤቱ ብረት የሚያቀልጠውና የሚያፈሰው እሱ ነው። እሱም ሰምቷል። መስማቱን ፉሳኤ አይታለች፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና መልሶ አሰረ። ክሩ እኮ መጀመሪያውኑ አልላላም። ፉሳኤ ጎንበስ ያለ ጀርባውን እያየች ጨርቁን ጨመቀችው፤ ውሃው በክርኗ ወርዶ የኪሞኖዋ እጅጌ ውስጥ ገባ።

ነገሩ የተበጀው ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ነው። በሞሪዮካ ከተማ ትልቁ የገበያ ማዕከል ስድስተኛ ፎቅ ላይ የእነሱ የኩጂ ቤት ማንቆርቆሪያዎች ለአንድ ሳምንት ይታያሉ። በመጀመሪያው ቀን የሪሄይ ልጅ ናኦያ የቤቱን ስም ከአባቱ ተረክቦ ስምንተኛው ሪሄይ ይባላል። ከምሳ በኋላ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ በአዲስ የጭቃ ቅርጽ ላይ አንድ ረድፍ፣ ቢበዛ ሁለት ረድፍ ነጥብ ይወጋል። ከዚያ አባቱ ተነስቶ «ቀሪው የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ልጄ ትናንት የጨረሰው ይኸውላችሁ» ይላል፤ ፉሳኤ ከመጋረጃው ጀርባ ሣጥኑን ታቀብላለች፤ ናኦያ አዲሱን ማኅተሙን ጭቃው ላይ ያትማል፤ ይጨበጨባል። ሪሄይ ይህን ሁሉ የተናገረው በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል እያኘከ ነው። ፉሳኤም እሺ አለች። ምን ትበል? ሠላሳ አንድ ዓመት እሺ ስትል ኖራ ያን ዕለት እምቢ የምትልበትን አፍ ከየት ታመጣዋለች? አንድ ነገር ግን ለምና ነበር። «ጋሼ፣ ስሙን ሲያወጡለት፣ ነጥቡን የምትወጋው የወንድሜ ሚስት ፉሳኤ ናት ቢሉልኝ። አንዴ ብቻ።» ሪሄይ ሳህኑን እያየ «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አለ። እሷም አመነችው። ሞኝ! ጸጉሯን ተሠራች፣ የእናቷን አመድማ ኪሞኖ ከሣጥን አወጣች፣ ሴንዳይ ከተማ ላለችው ልጇ ደውላ «ስሜን ሊጠሩኝ ነው» አለቻት።

ሥራውን የሰጧት አማቷ ስድስተኛው ሪሄይ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም «ለአንድ ክረምት ያዢልኝ» ብለው ሦስት የናስ መውጊያዎች እጇ ላይ አስቀመጡ፤ አንደኛው ጫፉ የማሽላ ፍሬ ያክላል፣ ሁለተኛው የሩዝ፣ ሦስተኛው ከዚያ ትንሽ ተለቅ ይላል። ቅርጹ እንደ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ነው፤ እጅ ይገባበታል፣ ዓይን ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ከሆዱ በትልቁ ተጀምሮ ወደ አፉ እያነሰ ይሄዳል። አንዷ ነጥብ ከዘነበለች ከላይዋ ያሉት ሁሉ ይዘነብላሉ። የተወጋው ሁሉ ብረት ሲሞላው እየተነፋ ይወጣና ማንቆርቆሪያው የበረዶ ጠጠር የወረደበት ይመስላል። ያ አንድ ክረምት ሳያልቅ አማቷ ሞቱ፣ ሪሄይ ሰባተኛው ተባለ፣ መውጊያዎቹም እሷ እጅ ቀሩ። ሪሄይ ሲፈጥረው ትዕግሥት የለውም፤ በሕይወቱ አሥር ረድፍ አልወጋም። እሷ የወጋችው ስንት እንደሆነ ማን ቆጥሮት።

አንድ ጊዜ እንኳ ግን ብረቱ ሲፈስ አላየችም። የእቶኗ አምላክ ሴት ናት፣ በሴት ትቀናለች፣ ሴት ከገባች ብረቱ ይበላሻል ይባላል። በማፍሰሻው ቀን ፉሳኤ የሩዝ ድብልብሏን ጠቅልላ በሩ ላይ ታቀብልና ወደ ማድ ቤት ትመለሳለች። ከግድግዳው ወዲያ የወንዶቹን ጩኸትና የብረቱን ሽታ ብቻ ነው የምታገኘው። የራሷን ሥራ የምታየው ቀዝቅዞ፣ ተፈቅፍቆ፣ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት ነው።

አዳራሹ ተከፈተ። ሞቅ ያለ መብራት፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ውሃው የሚንሾካሾክ አንድ ማንቆርቆሪያ በከሰል ላይ ተጥዷል። ፉሳኤ ሻይ እየቀዳች ትዞር ጀመር፤ ሥራዋ ይኸው ነው። መሐል ላይ፣ ለብቻው በመስታወት ውስጥ፣ ባለፈው የካቲት የወጋችው ተቀምጧል። ያን ወር ብርዱ ጭቃውን እያደረቀባት ከማንደጃው ጎን ተጠግታ ነው የሠራችው፤ ስምንተኛው ረድፍ ላይ እጇ ተሰንጥቆ ደምቶ ነበር። የልጇን ጥርስ እንደምታውቅ ነው የምታውቀው። ካርዱ ላይ «ስምንተኛው ሪሄይ፣ ኩጂ ናኦያ። ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ የን» ይላል። ሁለት ሰዎች ዋጋውን አይተው ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ አንደኛው «ድንቅ እጅ ነው ያለው ልጁ» አለ። ልጁ! ከሁለት ዓመት በፊት ሴንዳይ መኪና ሲሸጥ የነበረ ልጅ! ፉሳኤ ሻዩን ቀዳችላቸው፤ አልፈሰሰባትም። ሰውዬው ግን ጽዋውን ሲቀበላት ዓይኗን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

አንዲት አሮጊት በጨርቅ የተጠቀለለ ማንቆርቆሪያ ታቅፈው መጡ። ስማቸው ታኪ ይባላል፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከኩጂ ቤት የገዙት ነው። ክዳኑን ከፍተው ለሪሄይ አሳዩት። «የልጄ ሚስት ናት! ውስጡ ነጭ ነጭ ይላል፣ ቆሽሿል ብላ በሽቦ ፈቀፈቀችው። ሃያ ዓመት ያስያዝኩትን፣ ዝገት የሚከለክለውን ነጭ ልባስ በአንድ ጠዋት! አሁን ውሃው ቀይ ይወጣል።» ሪሄይ ውስጡን ገረፍ አድርጎ አየና «አዲስ ቢገዙ ይሻላል፣ እማማ» አለ፣ ዓይኑ ጋዜጠኛዋ ላይ እንዳለ። አሮጊቷ ፊታቸው ጠቆረ። ፉሳኤ ወደ ጎን ሳብ አድርጋቸው «አይጣሉት፣ እማማ። የሻይ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ያፍሉበት፣ ውሃው እንደ ቀለም እስኪጠቁር። ሦስት ቀን ይደጋግሙት። ዝገቱ ይታሰራል፣ ነጩም በጊዜው ይመለሳል» አለቻቸው። አሮጊቷ የፉሳኤን እጅ ያዙ። አውራ ጣቷ ላይ መውጊያው ሲደገፍ የኖረበትን ጠንካራ ጉብታ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ቀና ብለው አዩዋት። ፉሳኤም እጇን ቀስ ብላ ወሰደች።

ለምሳ ከባሏ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ፣ ሣጥኑን መሐል አድርገው። እንጆሪ የሚያህል ኮምጣጣ ፕለም የተሸጎጠበት የሩዝ ድብልብል ነው፤ ሌሊት ተነስታ የሠራችው። ኮሳኩ ሲበላ ድምፅ የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሲበሉ እንዲሁ ነው፤ ብረት ሲያፈስ እንደ አንበሳ የሚጮኸው ሰው ታላቅ ወንድሙ ባለበት ቤት ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። በመጋረጃው ስንጥቅ ሪሄይ ከመደብሩ ሰዎች ጋር የታሸገ ምሳ ሲበላ ይታያል፤ ኢል ዓሣ በሩዝ ነው። ይስቃል። በቀኝ በኩል ናኦያ የታሸገ ምሳውን ይዞ ብቻውን ያፈጣል፤ ልጁ አልበላም።

«ሰማህ?» አለች ፉሳኤ።

«እ?»

«ጠዋት ያለውን። ሰማህ ወይ ነው የምልህ።»

ኮሳኩ ሩዙ የተጠቀለለበትን የባሕር ቅጠል ላጠ፣ አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ። «ዛሬ እንኳ ይለፍ ፉሳኤ። የልጁ ቀን ነው።»

«የኔስ ቀን መቼ ነው?»

ኮሳኩ የባሕር ቅጠሉን ስምንት ቦታ አጥፎ አፉ ውስጥ ከተተው። ሪሄይስ ሪሄይ ነው፤ ጉራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሄኛው ግን እያንዳንዷን ነጥብ አይቷል። ሌሊት ሌሊት እሷ ስትወጋ መብራት የሚይዝላት እሱ ነበር፤ አንገቷን በሙቅ ጨርቅ የሚያሽላት እሱ ነበር። ሁሉን ያየ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል እንደማየት የሚያቃጥል ምን አለ! ግማሽ የቀረውን ሩዝ ጠቅልላ ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረችው። በሕይወቷ ሩዝ ስትጥል የመጀመሪያዋ ነው።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ወንበር ያላገኙት ቆሙ። ሪሄይ ንግግሩን አደረገ። ስለ አባቱ ተናገረ፣ ስለ አያቱ ተናገረ፣ ስለ ከተማዋ ውሃ ሳይቀር ተናገረ። ፉሳኤ በመጋረጃው ስንጥቅ ትሰማለች። ጠዋት ያለውን ሰምታም ቢሆን አንድ ቀጭን ተስፋ ነበራት፤ ምናልባት አሁን፣ ምናልባት ከዚህ ቀጥሎ። «ስምንተኛው ሪሄይ!» ሲል ጭብጨባው ፈነዳ። ናኦያ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣ። አለቀ። ስሟ አልተጠራም። ሴንዳይ ያለችው ልጇ ማታ ደውላ «ምን ብለው ጠሩሽ?» ትላታለች። ፉሳኤ እርጥቡን ጨርቅ ከሣጥኑ ላይ አስተካከለች፣ ሣጥኑን በሁለት እጇ አነሳች፣ ከመጋረጃው ወጣች፤ ከፊተኛው ረድፍ ከእማማ ታኪ ጎን አንድ ባዶ ወንበር ነበር፣ ሄዳ ተቀመጠችበት። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈችው። ከባድ ነው፤ ጭኗን ያደነዝዛል። ኮሳኩ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን አውጥቶ አያት፣ መልሶ ገባ።

ናኦያ ጀመረ። የመጀመሪያውን ረድፍ በደንብ ወጋ፤ ሃያ፣ ሠላሳ ነጥብ። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ አየ። ሁለተኛውንም እንደምንም ጨረሰ። ሪሄይ ተነሳ። «ቀሪው የሦስት ቀን ሥራ ነው። ልጄ ትናንት የጨረሰው...» ብሎ እጁን ወደ መጋረጃው ዘረጋ። መጋረጃው ዝም አለ። እንደገና ዘረጋ። ከዚያ ዞር ሲል ፉሳኤን አያት፤ ሣጥኑን አያት። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «እስቲ... እስቲ ትንሽ ይቀጥልላችሁ» አለ።

ናኦያ ቀጠለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ መውጊያ መለወጥ ነበረበት፤ አልለወጠም። ነጥቦቹ ተጋፉ። መብራቱ ጭቃውን እያደረቀው ስለሆነ በወጋ ቁጥር ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውን ሊያነሳ ሲል በጥፍሩ አጎራባቹን ያፈርሳል። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ቅርጹ ውስጥ ጠብ አለ። ፎቶ ሲያነሳ የነበረ አንድ ሰውዬ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜ እማማ ታኪ ጭናቸው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ እየዳሰሱ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «የኔ ላይ ያለው እጅ ይሄ አይደለም» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል አለ።

ሪሄይ ጎንበስ ብሎ ወደ ፉሳኤ መጣ። ለሰው ፈገግ ይላል፣ በጥርሱ መሐል ግን እሳት ይተፋል። «ሣጥኑን አምጪ። አሁኑኑ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ምን?»

«የሴት እጅ ነክቶታል።»

አልጮኸችም። ግን አዳራሹ ዝም ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ፤ ጋዜጠኛዋ ብዕሯን አነሳች። ሪሄይ «አሞሻል እንዴ ሴትዮ! ቤቱን ልታፈርሺ ነው?» አለ፤ አሁን ፈገግታው የለም። «ቤቱ በምን ቆመ ጋሼ?» አለች ፉሳኤ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በምን ቆመ? አንድ ነገር ለመንኩ። ገንዘብ አልለመንኩ፣ ማዕረግ አልለመንኩ፤ ፉሳኤ የሚለው ሦስት ፊደል በአፍዎ አንዴ እንዲያልፍ ነው የለመንኩት! እሱን ነፈጉኝ፤ ይሁን። ጭራሽ አልነካችውም ይበሉ?»

ናኦያ መውጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተነሳ። ፊቱ እንደ ጭቃው ነበር። «አባዬ፣ እኔ አልችለውም» አለ። «ሁሉም የአክስቴ ነው። መስታወት ውስጥ ያለውም የአክስቴ ነው።»

«ዝም በል!»

«አልችለውም አልኩ እኮ!»

ፉሳኤ ተነሳች። ሣጥኑን ይዛ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ የናኦያን የተፈረፈረ ቅርጽ ወደ ጎን ገፋች። እርጥቡን ጨርቅ ገለጠችው። የፊተኛው ረድፍ ሰዎች ተነስተው አዩ፣ ከኋላ ያሉት ተጠጉ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነጥብ፣ ከሆዱ ወደ አፉ እያነሰ፣ አንድም ሳይዘነብል። ከመያዣው ሥር ብቻ ጣት የምታህል ለስላሳ ቦታ ክፍት ትታለች፤ የማኅተሙ ቦታ ናት። ሪሄይ አዲሱን ማኅተም ከኪሱ አውጥቶ «ናኦያ! ና አትም፣ ይለቅ» አለ። ናኦያ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሪሄይ ራሱ ሊያትም እጁን ሰነዘረ። ፉሳኤ ቀደመችው። አውራ ጣቷን፣ ያንን ጉብታ ያለውን፣ በባዶዋ ቦታ ላይ አሳረፈች፤ ቀስ አድርጋ፣ ነጥብ ስትወጋ እንደምታደርገው ትንፋሽዋን ይዛ ጫነች። ሲነሳ የጣቷ መስመር ሁሉ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ብረት ሲፈስበት ተነፍቶ ይወጣል፣ የሚገዛው ሰው ሻይ ሊቀዳ መያዣውን በያዘ ቁጥር ያየዋል።

«ኮሳኩ!» ብሎ ጮኸ ሪሄይ። «ውሃና ብሩሽ! ደልድለው፣ ቶሎ!»

ኮሳኩ ከመጋረጃው ወጣ። በአንድ እጁ የውሃ ሳህን፣ በሌላው ብሩሽ ይዟል። እርጥብ ጭቃ ነው፤ ሁለቴ ቢያልፍበት የነበረ አይመስልም። ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ቅርጹን ጎንበስ ብሎ አየው። ፉሳኤ አላየችውም፤ ፊቷን አዙራ ግድግዳውን ታያለች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ ግን ወርዷል። ኮሳኩ ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ ነከረው። ከዚያ ቀስ ብሎ አራገፈው፣ ቅርጹ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ። ጨርቁን በውሃው ዳበሰው፣ ቅርጹን ደግሞ በጥንቃቄ፣ ጠርዝ ጠርዙን እየያዘ ሸፈነው።

«እንዳይደርቅ ነው» አለ ለወንድሙ። «ሰኞ ብረት አፈስበታለሁ። እንዳለ።»

ሪሄይ ማኅተሙን መልሶ ኪሱ ከተተ። ፉሳኤ ዞራ ባሏን አየችው። ደስ ይላታል ብሎ አስቦ ከሆነ ተሳስቷል፤ ዓይኗ እሳት ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብህ!» አለችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እሷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ሣጥኑን በአንድ በኩል ያዘች፣ በሌላው በኩል እንዲይዝላት በአገጯ ጠቆመችው።

«ሰኞ እኔም እገባለሁ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «ብረቱ ሲፈስ እዚያው ቆሜ ነው የማየው።»

«ሴት እቶን ጋ?» ሪሄይ ጮኸ። «አምላኳ ትቀናለች! ብረቱን ታበላሽብናለች!»

ፉሳኤ ሣጥኑን አነሳች።

«ትቅና!»